ጀማሉ የሚሉት ዱላ

ሱዳን ውስጥ፣ በቁረይሻ እርሻዎች፣ ትራክተር በማይገባበት ጥግ ማሽላ የሚዘሩ ሰዎች አንድ ዓይነት ዱላ ይይዛሉ። ከብረት ቧንቧ የተሠራ ነው። ከላይ ዘር የሚይዝ ጣሳ አለው፤ ከታች ደግሞ እንደ ወፍ አፍ የሚከፈትና የሚዘጋ ሹል ብረት። መሬቱን ወጋ አድርገው ወደ ፊት ገፋ ሲያደርጉት አፉ ይከፈትና ሦስት አራት ፍሬ ይጥላል፤ ከዚያ በእግር ደፈን አድርጎ ማለፍ ነው። መጎንበስ የለም። ይህን ዱላ ጀማሉ ይሉታል። «ጀማሉን አቀብይኝ» ይባላል፣ «የኔ ጀማሉ ተሰበረ» ይባላል።

ጀማሉ ገዳሪፍ ገበያ ውስጥ ቧንቧና ሚስማር የሚሸጥ የጎንደር ሰው ነው። ዱላውን አልሠራውም። የሠራው አባቴ ነው። ጀማሉ ነው ያልሁት ደግሞ እኔ ነኝ። ይህን የምጽፈው እንዲታዘንልኝ አይደለም፤ ሊያዝንልኝ የሚፈልግ ካለ እዚሁ ላይ ያቁም፣ ወደ ፊት ሲያነብ ይቆጨዋል።

አባቴ ካላዩ ይባላል። ጠይብ ነው። ዕድሜዬ ሠላሳ አንድ ሆኗል፤ ይህችን ቃል በእጄ ስጽፍ ግን የመጀመሪያዬ ነው። እኛ በተወለድንበት አገር ብረት ቀጥቃጭ ማረሻውንም ማጭዱንም ይሠራል፤ ሰው ወስዶ ያርስበታል፣ ያጭድበታል፣ ከዚያ ልጁን ከሠሪው ዓይን ይሸሽጋል። ሕፃን ባተኮሰው ቁጥር፣ ላም በነጠፈች ቁጥር «ያ ቡዳ አይቶት ነው» ይላሉ። እኔ ስድስት ዓመቴ ሳለ አባቴ ወናፉን ሸጦ ሁመራ ወረድን። ሁመራ የቀን ሠራተኛ ከየአቅጣጫው የሚጎርፍባት ከተማ ናት፤ ማንም የማንንም ዘር አይጠይቅም። አባቴ ሰሊጥ አጫጅ ሆነ። እናቴ እዚያው ሞተች። በ2013 ኅዳር ጦርነቱ ሲመጣ እኔና አባቴ ተከዜን ተሻግረን ሱዳን ገባን። በስደተኞች ካምፕ የሚመዘግበን ሰው «ሥራ?» ብሎ አባቴን ሲጠይቀው፣ «ገበሬ» ብዬ የመለስሁት እኔ ነኝ። አባቴ አዎ እንደማለት ራሱን ነቀነቀ።

ካምፑ ውስጥ ሰለሙን የሚባል አስተማሪ ወደደኝ፣ ወደድሁት። እናቱ አደይ ለተትንሳኤ ባሏ የሞተባት፣ ያላትን ለጎረቤት የምታካፍል ሴት ናት። ከእሷ ደግ ሰው በዚያ ሁሉ ድንኳን መካከል አላየሁም። የሚያናድደኝም ይኸው ነው፤ ክፉ ብትሆን ይቀለኝ ነበር። አንድ ቀን አብረን ልብስ ስናጥብ ከሰለሙን በላይ የነበረው የመጀመሪያ ልጇ በሦስት ዓመቱ እንዴት እንደ ሞተባት ነገረችኝ። ጤነኛ ልጅ ነበር፣ ማጭድ ሊስል የመጣ ጠይብ ግቢ ገብቶ «ምን ያለ ቆንጆ ልጅ ነው» አለ፣ ልጁ በሳምንቱ ሞተ። «በልቶብኝ ነው» አለችኝ። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «እዚህም አሉ አሉ፤ ተደብቀው ነው እንጂ» አለች። እኔም «እውነት?» አልኋት። ሳሙናውን እያሸሁ፣ ፊቴን እንኳ ሳልቀይር፣ «እውነት?» አልኋት።

ሁለተኛው ክረምታችን ላይ ብዙዎቻችን ቁረይሻ ለዘር ሥራ ሄድን። አባቴ የትራክተሩን መጠለያ እንዲጠብቅ ተቀጠረ፤ እኔና አደይ ለተትንሳኤ ከሴቶቹ ጋር ዘሪ ሆንን። ያኔ ሁላችንም የምንዘራው በሰሉካ ነበር፤ ሰሉካ ማለት ጫፉ ብረት የሆነ እንጨት ነው፣ ጉድጓድ ይወጋሉ፣ ይጎነበሳሉ፣ ዘር ይጥላሉ፣ ይቃናሉ፣ እንደገና ይወጋሉ። የአደይ ለተትንሳኤ ወገብ ከተከዜ መሻገሪያ ጀምሮ የተጎዳ ነበር። በሦስተኛው ቀን የእርሻው ወኪል ከኋላ መቅረቷን አይቶ፣ «ያ ሐጃ፣ አንቺ እናት፣ ከሚመጣው ሳምንት በኋላ ይበቃሻል» አላት። የሚበላ ነገር ከዚያ ውጭ አልነበራትም።

አባቴ ይህን ሰማ። ከሁለት ቀን በኋላ ለምሳ ስሄድ ከትራክተሩ ጀርባ ተቀምጦ ቧንቧ ሲሞርድ አገኘሁት። ከፊቱ የዘይት ጣሳ፣ ከአሮጌ ማረሻ የተፈታ ሞላና የጫማ ቆዳ ቁራጭ ተዘርግቷል።

«ምን እየሠራህ ነው?» አልሁት።

«ለለተትንሳኤ ነው። ሳትጎነበስ የምትዘራበት።»

«አባ፣ ሰው ቢያይህስ?»

«እሳት አላነደድሁም። ያለ እሳት ማን ያውቀኛል?» ብሎ ሳቀ።

ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ እንደዚያ ሲስቅ አላየሁትም ነበር። እኔ ግን ሳቁ አልታየኝም፤ የታየኝ ሞረዱ ነው፣ አያያዙ። ገበሬ ሞረድ እንደዚያ አይዝም። «አርፈህ አትቀመጥም?» ብዬ ጮህሁበት። አባቴን እንዲህ ብዬዋለሁ። እሱ ቧንቧውን ወደ ዓይኑ አቅርቦ በቀዳዳው ተመለከተ።

የመጀመሪያው ዱላ ዘሩን በአንድ ጊዜ ዘረገፈው። ሁለተኛው ምንም አልጥል አለ። ሦስተኛው መልካም ሠራና ዝናብ ሲዘንብ ጭቃ ጎረሰ። የቁረይሻ አፈር ዋልካ ነው፤ ከረጠበ የያዘውን አይለቅም። አባቴ ያንን ዱላ ይዞ በጭቃው ውስጥ ሲመላለስ፣ ሲቀመጥ፣ ሲያወልቀው፣ ከራሱ ጋር ሲነጋገር ሰነበተ። አንድ ከሰዓት በኋላ ግን ይዞት መጥቶ ለአደይ ለተትንሳኤ ሰጣት። «ከገበያ ያገኘሁት ነው፣ ሞክሪው» አላት። ለእኔ ሲል እሱም ዋሸ።

በሳምንቱ መጨረሻ አደይ ለተትንሳኤ ከሁላችንም ፊት ነበረች። ቀጥ ብላ ትሄዳለች፣ ትወጋለች፣ ገፋ ታደርጋለች፣ ትረግጣለች። ወኪሉ እንኳ ቆሞ አያት። መስመሩ ጫፍ ስትደርስ ዱላውን አንገቱ ላይ ሳመችው። «ይህን የሠራ እጅ እሾህ አይንካው፣ ልጅ ይቀፍበት፣ ወርቅ ይያዝበት!» አለች። አባቴ የዘር ጆንያ ተሸክሞ አጠገቧ ቆሞ ነበር። «አሜን» አለ፣ ቀስ ብሎ። እኔ ዞር ብዬ አፍንጫዬን ተናፈጥሁ።

ሙሐንዲስ እስማኤል የመጣው ያን ሰሞን ነው። ሱዳናዊ ነው፤ ስደተኛውን በእርሻ ለሚረዳ፣ ሙነዘማ ለሚሉት ድርጅት የሚሠራ፣ ጫማው ጭቃ ቢነካው የማይጨነቅ፣ ያየውን ሁሉ የሚጠይቅ ሰው። ዓረብኛ ስለምችል ሲመጣ የማስተረጉምለት እኔ ነበርሁ። አደይ ለተትንሳኤን ስትዘራ አይቶ ከመኪናው ዘሎ ወረደ። ዱላውን ተቀበላት፣ ገለበጠው፣ አፉን በጣቱ ከፈተው፣ ዘጋው። ፎቶ አነሳው። ከዚያ፣ «ይህን ማነው የሠራው? እንዲህ ያለ ነገር በዚህ ሁሉ አገር አላየሁም። የሠራውን ሰው እፈልገዋለሁ፤ በስሙ እናስመዘግበዋለን፣ በስሙ እናሠራዋለን» አለ።

ተረጎምሁት። አደይ ለተትንሳኤ፣ «እኔ ምን አውቃለሁ፣ ያመጣልኝ ካላዩ ነው» ብላ ወደ አባቴ አመለከተች። ሁሉም ዞሮ አባቴን አየው። አባቴ ጆንያውን አወረደ። እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ። ትከሻው ወደ ኋላ ሄደ፣ አንገቱ ተቃና፤ እንደዚያ ቀጥ ብሎ ቆሞ አይቼው አላውቅም። አፉን ከፈተ።

«ከገዳሪፍ የገዛነው ነው፣ ከጀማሉ ሱቅ» አልሁ እኔ፣ በዓረብኛ።

የጀማሉ ስም ለምን አፌ ላይ እንደ መጣ አውቃለሁ፤ አባቴ ከትራክተር ነጂው ጋር ገዳሪፍ ደርሶ ቧንቧውን የገዛው ከእሱ ነበር። አባቴ ዓረብኛው ባይገባውም ስሙ ገባው። የከፈተውን አፍ እዚያው ዘጋው። ከዚያ፣ «አዎ፣ ከጀማሉ» አለና ጆንያውን መልሶ ተሸከመ። ሙሐንዲሱ ስሙን ማስታወሻው ላይ ጻፈ።

ሰው ሲዋሽ የሚደርስበትን አንድ ነገር ልናገር። የዋሸሁበት ሰው ይቆጣኛል ብዬ ስጠብቅ ዋልሁ፣ አባቴ ግን ማታም በማግስቱም እንደ ወትሮው «በላሽ?» ብሎ ጠየቀኝ። ቢመታኝ እመርጥ ነበር።

ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ከእርሻው ወደ ካምፑ ከተመለስን፣ ጀማሉ ራሱ እዚያ ድረስ መጣ። ሾዋክ ወርዶ፣ እዚያ መኪና ቀይሮ፣ አቧራ ለብሶ ነው የደረሰው። ወፍራም፣ ጺሙን ሒና የቀባ፣ ሲናገር እጁን ደረቱ ላይ የሚያደርግ ሰው ነው። መጠለያችን ውስጥ ሦስታችን ብቻ ነበርን።

«ካላዩ ወንድሜ» አለ፣ «አንድ ሙሐንዲስ መጥቶ ሙያተኛ ነህ ብሎ አቀፈኝ። እኔ ሻጭ ነኝ እንጂ ሠሪ አይደለሁም ብለው፣ ትሑት ነህ አለኝ። ዱላውን ሲያሳየኝ ቧንቧውን አወቅሁት፣ አንተ የገዛኸው ነው። ወላሂ፣ የሰው ላብ አልበላም፤ ሐራም ነው። ሁለት መቶ ሊያሠሩ ነው፣ ጣሳው ላይ የሠሪው ስም ይታተማል እያሉ ነው። ተነስ፣ አብረን ሾዋክ እንሂድና የሙነዘማው ቢሮ ገብተን እንንገር።»

አባቴ ወደ እኔ አየ። ለአቤቱታ አይደለም፣ ለፈቃድ ነው። ስልሳ ዓመት የሞላው ሰው ‘ልጄ ልሂድ?’ ብሎ በዓይኑ ጠየቀኝ።

«ጋሼ ጀማሉ» አልሁ፣ «ልዳር ነው። የሰርጌ ቀን ተቆርጧል። አማቴ የምትሆነው ሴት ስለ... ስለ ብረት ሠሪዎች የምታስበው ነገር አለ።»

ከዚህ በላይ አላስረዳሁትም፤ የጎንደር ሰው ነው፣ ገባው። አንገቱን ደፋ። በዚያች መጠለያ ውስጥ ያፈርነው ሦስታችንም ነን፤ ሊያፍር የማይገባው አባቴ ግን ከሁላችን ይልቅ አፈረ፣ እንግዳ ቤቱ መጥቶ እንዲህ ያለ ነገር ስለሰማ።

«እስከ መቼ ነው?» አለ ጀማሉ።

«እስከ ሰርጉ ብቻ።»

ጀማሉ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። «እንግዲያስ አማና ነው። ስሙን ለእናንተ እይዘዋለሁ። አምጣ ባላችሁኝ ቀን እመልሳለሁ። እስከዚያ ግን ከእኔ አፍ አንድ ቃል አይወጣም» አለ። አማና ማለት አደራ ነው፤ እንደሱ ላለ ሰው ደግሞ ከመሐላ ይበልጣል። አባቴ፣ «ለአንቺ ከሆነ ይሁን» አለኝና ለእንግዳው ሻይ ሊያፈላ ተነሳ።

በጥር ተዳርሁ። ሰርጉ በካምፑ አቅም ያማረ ነበር፣ አባቴም ጨፍሯል። ከሰርጉ ወር በኋላ እቤቴ መጥቶ፣ በሩ ላይ እንደ ቆመ፣ «አሁንስ፣ አድያም?» ብሎ ስሜን ጠርቶ ጠየቀኝ። «ገና እኮ ነው አባ፤ ሙሽራ ሆኜ?» አልሁት። «እሺ» አለ። በፋሲካ ሰሞን አልጠየቀኝም። እኔም አላነሳሁበትም። በዚያው ሰሞን የካርቱም ጦርነት ተነሳ፣ ገዳሪፍ በተፈናቃይ ሞላች፣ ሁሉም በራሱ ጭንቀት ተያዘ። ይህ ሁሉ ሰበብ ሆነልኝ። ከዚያ አረገዝሁ፤ አደይ ለተትንሳኤ በደስታ አለቀሰች፣ ሆዴ ላይ ክታብ ካላሰርሁ አለች፣ «ከክፉ ዓይን ይጠብቅልኝ» እያለች። እንግዲህ ከዚህ በኋላ እንዴት ይነገራል? የልጅ ልጇ የማን ደም እንደሆነ ከቤቱ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ፤ ሰለሙን እንኳ አያውቅም።

በሰኔ ሁለት መቶዎቹ ዱላዎች መጡ። ገዳሪፍ ያለ አንድ የብየዳ ቤት አባቴ የሠራውን ለናሙና ተውሶ ነው የሠራቸው። ጣሳው ላይ በዓረብኛ ጀማሉ የሚል ታትሞበታል። ያማሩ ነበሩ፣ ሰማያዊ ቀለም ተቀብተዋል። በተከፋፈሉ ዕለት አባቴ አንዱን ተቀብሎ አፉን ከፍቶ አየ፣ ሌላም ከፍቶ አየ፣ ከዚያ እየተጣደፈ ወደ እኔ መጣ።

«ቆዳው የለም» አለኝ። ከኪሱ ጣት የምታህል የቆዳ ቁራጭ አወጣ። «ይህችን እኮ ነው የተዉት። ቆሻሻ መስላቸው ነው የጣሏት። አፉ በተከፈተ ቁጥር ጭቃውን የምትጠርገው እሷ ናት፤ ለእሷ ነው ያን ሁሉ ቀን የደከምሁት። ያለ እሷ የመጀመሪያው ዝናብ እንደ ጣለ ዋልካው ይደፍነዋል። ልንገራቸው?»

«ምን ብለህ? ገበሬ ነህ እኮ። ከየት አወቅህ ሲሉህስ?»

ቆዳዋን በጣቶቹ መካከል አገላበጣት።

«ለጋሼ ጀማሉ እደውልለታለሁ» አልሁት፣ «እሱ ይነግራቸዋል።»

«ዛሬ ደውይ» አለኝ። ስልክ የነበረኝ እኔ ነኝ፤ እሱ ደግሞ የዘንድሮው የእርሻ ሥራ ፈቃድ ወረቀት ገና ስላልተሰጠው ከካምፑ ወጥቶ ገዳሪፍ መሄድ አይችልም።

አልደወልሁም። ለምን እንዳልደወልሁ በደንብ አውቃለሁ። ጀማሉ ስልኩን አንስቶ የሚጠይቀኝ የመጀመሪያ ነገር «አማናችሁን መቼ ትወስዳላችሁ?» የሚለው ነው። ያንን ላለመስማት ነው ሁለት መቶ ሰው የማይሠራ ዱላ ይዞ ጭቃ ውስጥ እንዲቆም ያደረግሁት። አባቴ «ደወልሽ?» ሲለኝ «ደውያለሁ» አልሁት።

ዝናቡ ጣለ። አባቴ እንዳለው ሆነ፤ በሁለት ቀን ውስጥ ዱላዎቹ አፋቸው ተደፈነ። ሰው በእንጨት ይጎረጉራል፣ ይረግማል፣ ይወረውራል። የሚሠራው የአደይ ለተትንሳኤ አሮጌው ዱላ ብቻ ነበር። ብዙ ሳይቆይ ወሬ ተነሳ፤ ጀማሉ ከሙነዘማው ጋር ተሻርኮ ስደተኛውን አጭበረበረ፣ የሚሠራውን አሳይቶ የማይሠራውን ሸጠ። ሙሐንዲስ እስማኤል ከአለቆቹ ተግሳጽ እንደ ደረሰበት ፊቱ ይናገር ነበር። ነገሩን እዚያው እርሻው ላይ ለማጣራት ጀማሉን ከገዳሪፍ ይዞት መጣ።

ስብሰባው ቀትር ላይ በትልቁ ራኩባ፣ በሣሩ ዳስ ሥር ነበር። ሠራተኛው ሁሉ መሬት ላይ ተቀምጧል። ጀማሉ መካከል ቆሟል። አንድ አዲስ ዱላና የአደይ ለተትንሳኤን አሮጌ ዱላ እግሩ ሥር አስቀምጠውለታል። እኔ ሙሐንዲሱ አጠገብ ነበርሁ፣ ለማስተርጎም።

«ጀማሉ፣ ሁለቱም ያንተ ሥራ ናቸው» አለ ሙሐንዲሱ። «ይህኛው ይሠራል፣ ያኛው አይሠራም። ልዩነቱ ምንድን ነው?»

ጀማሉ ሁለቱንም አነሳ። አገላበጣቸው። ላብ ግንባሩ ላይ ወጣ። «አላውቅም» አለ።

«የራሱን ልጅ ስም የረሳ አባት!» አለች ፅገ የምትባል ምላሰኛ ዘሪ። ሰው ሳቀ። ከኋላ አንድ ሰው «ሌባ!» አለ። ወኪሉ በዓረብኛ የባሰ ነገር ተናገረ፣ አልተረጎምሁትም። ጀማሉ አንድ ጊዜ ብቻ ወደ እኔ አየ። ዓይኑ ውስጥ ወቀሳ ብፈልግ አጣሁ፤ አማናውን እንደያዘ፣ እንደማይለቅ ብቻ ነበር የሚያስታውቀው። በሽምግልናው ሌባ ሲባል እጁ ደረቱ ላይ ነበረ።

ሆዴ ውስጥ ልጁ ተንቀሳቀሰ። ወይም መሰለኝ። ተነሳሁ።

«ጀማሉ አይደለም የሠራው» አልሁ። መጀመሪያ በዓረብኛ፣ ቀጥሎ በአማርኛ። «አባቴ ነው የሠራው። ከገበያ የተገዛ ነው ያልሁት ውሸት ነው።»

ሙሐንዲሱ ወደ አባቴ ዞረ፣ ከዚያ ወደ እኔ። «አባትሽ? እንዲህ ያለ ሥራ ከየት አወቁ? ሙያቸው ምንድን ነው?»

መልሱ አንድ ቃል ነበር። አደይ ለተትንሳኤ ከፊቴ ተቀምጣ ቀና ብላ ታየኛለች፤ ዓይኗ ላይ ጥርጣሬ የሚባል የለም፣ መገረም ብቻ። ጠይብ የምትለዋ ቃል አፌ ላይ ነበረች። ተነፈስሁ። ያችን ያህል ነው የዘገየሁት፣ አንድ ትንፋሽ።

በዚያ መካከል አባቴ ተነሳ።

«ልጄ ለእኔ አዝና ነው» አለ፣ እየሳቀ። «ሽማግሌ አባቷ ሰው ፊት ከፍ እንዲልላት ብላ ነው። እኔ ብረት ከየት አውቄ? ገበሬ ነኝ።» ሰዎች ፈገግ አሉ። አባቴ ወደ ጀማሉ ሄዶ አዲሱን ዱላ ከእጁ ተቀበለው። «ጋሽ ጀማሉ ሥራ በዝቶበት ረስቶት ነው እንጂ፣ ያኔ ሲሸጥልኝ ነግሮኛል። ‘ካላዩ፣ ይህችን ቆዳ እንዳታወልቅ፣ ጭቃውን የምትጠርገው እሷ ናት’ ብሎኛል። ብየዳ ቤቱ ነው የዘነጋት፤ በእሱ ምን ጥፋት አለ?»

ከኪሱ ቆዳዋን አወጣ። መሬት ቁጭ ብሎ የዱላውን አፍ ፈታ። እጁ ሲጀምር ፈጥኖ ነበር፣ እጅግ ፈጥኖ፣ ሃያ ዓመት ያልረሳው ፍጥነት። ወዲያው ግን ሆን ብሎ አዘገየው። ብሎኑን ሆን ብሎ አንድ ጊዜ ጣለው፣ ፈልጎ አነሳው፣ ቆዳዋን መጀመሪያ ገልብጦ አስገባት። «አይ፣ እንዲህ ነው መሰለኝ ያለኝ» እያለ አስተካከላት። አባቴ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት የገዛ እጁን ደደብ አስመሰለው። እጁን እያየሁ ነበር፤ ያንን ከእኔና ከጀማሉ በቀር ማንም አላወቀም።

ዱላውን ይዞ ወጥቶ ጭቃው ላይ ወጋ፣ ገፋ፣ ወጋ፣ ገፋ። አፉ ንጹሕ ነበር። ሰው አጨበጨበ። ሙሐንዲስ እስማኤል ጀማሉን አቅፎ ይቅርታ ጠየቀው፣ ሌባ ያለውም ሰው ከኋላ መጥቶ ትከሻውን ሳመው። ጀማሉ በጥምጣሙ ጫፍ ፊቱን ሸፍኖ አለቀሰ፤ ሰዉ ስሙ ስለነጻለት ነው ብሎ አሰበ።

እኔ ግን ገና እንደ ቆምሁ ነበርሁ። ደግሜ መናገር እችል ነበር። ‘ዋሽቷችሁ ነው፣ አባቴ ጠይብ ነው፣ ይህ ሁሉ የእሱ ሥራ ነው’ ማለት እችል ነበር፤ ሁሉም እዚያው ነበሩ፣ ጭብጨባውም ገና አልበረደም። አደይ ለተትንሳኤ እጄን ይዛ ሳብ አደረገችኝ። «ተቀመጪ ልጄ፣ በዚህ ሁኔታሽ ፀሐይ አይመታሽ። ለአባት እንዲህ ማሰብ ደግ ነው» አለችኝ።

ያን ሰዓት ልቤ ተሰበረ ብዬ ብጽፍ አሁንም እዋሻለሁ። እፎይ ነው ያልሁት። ከጭንቅላቴ እስከ እግሬ ጥፍር ድረስ እፎይ አልሁ፣ እንደ ዳነ ሰው ደስ አለኝ፣ ተቀመጥሁም። አባቴ ከጭቃው ማዶ፣ ዱላውን እንደያዘ፣ መቀመጤን አየ። ደግ አደረግሽ እንደማለት ራሱን ነቀነቀልኝ።